የትኛው አዋጅ ነው ዛሬ የጸናው? የሕግ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ፣ ዕድልና መሣሪያ

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ሥራ በጀመረች በ52ኛ ቀኗ ተሰናበተች። ማስጠንቀቂያ አልተሰጣትም። በማግስቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ሄዳ አቤቱታ አስጻፈች። አቤቱታው ሲነበብ ያሳምናል፦ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው፣ 45ቱ ቀን ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፣ ስለዚህ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበቷ ሕገ ወጥ ነው። ከግርጌው «የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 አንቀጽ 11» ተብሎ ተጠቅሷል።

ልጅቷን እኔ ወደምሠራበት የሕግ ቤተ መጻሕፍት ይዟት የመጣው ሕግ የሚማር የአክስቷ ልጅ ነው። ወረቀቱን እንዳየሁ ደነገጥኩ። አዋጅ ቁጥር 377/1996 መደርደሪያችን ላይ ዛሬም አለ፣ ሕግነቱ ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀርቷል። በአዲሱ አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን የምትገባ ሠራተኛ በ52 ቀን ውስጥ ቢበዛ 45 የሥራ ቀን ቢሆናት ነው። አቤቱታው እንዳለ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ገና ከጅምሩ ይወድቅ ነበር።

ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ዘርግተን አንቀጽ 11ን አብረን አነበብን። እዚያው አንቀጽ ውስጥ የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መደረግ እንዳለበት ተደንግጓል። «የፈረምሽው ውል ነበር ወይ እህቴ?» አልኳት። «ኧረ ምንም አልፈረምኩም፤ ነገ ግቢ ስላሉኝ ነው የገባሁት» አለችኝ። ተማሪው ቀና ብሎ አየኝ፤ በጽሑፍ የተደረገ የሙከራ ስምምነት እንደሌለ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ያለው የጠበቃና የዳኛ ጉዳይ ነው። እኔ ያንን አንቀጽ ተርጉሜ «ታሸንፊያለሽ» ወይም «ትሸነፊያለሽ» አላልኳትም፤ የሙያው ድንበር እዚያ ላይ ነው። የጸናውን ሕግ ማሳየት ግን ሥራዬ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ስምና ማኅበር ያለው፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የአሜሪካ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ዓለም አቀፉ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1959፣ የብሪታንያና የአየርላንዱ ደግሞ በ1969 ተከተሉ። እኛ ዘንድ ስለ ሥራው ያለው ግንዛቤ በአብዛኛው ከመጽሐፍ ጠባቂነት አያልፍም፦ መቀበል፣ መመዝገብ፣ መደርደር፣ ማዋስ፣ ማታ ቁልፉን ይዞ መሄድ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሕጋችን አያያዝ ሲታይ ይህን ባለሙያ ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን።

አንድ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ አንሥታችሁ ተመልከቱ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ታትመዋል። ከፊት ገጹ ግርጌ «ያንዱ ዋጋ» የሚል አለ፣ ከጎኑም የነጋሪት ጋዜጣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ፹ሺ፩ ተብሎ ተጽፏል። ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በዚህ ወረቀት ላይ የወጣን ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካልና ማንኛውም ሰው ሊያውቀው ግድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩም የሚጸናው አማርኛው ነው። ድሮ ነጋሪት ገበያ መሀል እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ዛሬ ወረቀቱ ወጥቷል፣ ስለዚህ ሁሉም እንደሰማ ይቆጠራል። የሰማው ላልሰማው የሚያሰማበት ወንበር ግን ባዶ ነው።

ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአዋጆቹ ቁጥር እንደገና ከአንድ ጀምሯል። ጋዜጣውን ያቋቋመው የ1934ቱ አዋጅ ቁጥር 1 ነው። ደርግን ያቋቋመው የመስከረም 1967 አዋጅም ቁጥር 1 ነው። ሕገ መንግሥቱን ያወጀው የ1987ቱ አዋጅ እንዲሁ ቁጥር 1 ነው። «አዋጅ ቁጥር 31» ብሎ የሚመጣ አንባቢ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን የ1967ቱን ነው ወይስ ሌላውን? ዓመቱን ካልነገረኝ ላገኝለት አልችልም።

ዓመቱን ቢነግረኝም ሌላ ጣጣ አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ያቋቋመው አዋጅ በአማርኛው 25/1988፣ በእንግሊዝኛው 25/1996 ነው። አዋጁ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁለት አዋጆች መስለዋቸው «የ1996ቱ የ1988ቱን ሽሮታል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። አልፈርድባቸውም፤ ያስተማራቸው የለም።

ይኸው አዋጅ ስንት ጊዜ እንደተነካካ ደግሞ እንቁጠር። በ138/1991፣ በ254/1993፣ በ321/1995 እና በ454/1997 ተሻሻለ፤ በመጨረሻ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መጥቶ ተካው። ከ1997 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ስለ ሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም የትኛው ፍርድ ቤት የትኛውን ጉዳይ እንደሚያይ፣ አንዲት ጥያቄ ለመመለስ አምስት ጋዜጣ ዘርግቶ አንቀጽ በአንቀጽ ማሰካካት ያስፈልግ ነበር። ማሻሻያዎቹን ሁሉ ከዋናው ሕግ ጋር አዋሕዶ አንድ ወጥ ጽሑፍ የሚሰጥ ስብስብ ሲነሣ ባለሙያዎች ዛሬም የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ1972 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ፋኩልቲ የተዘጋጀውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕግ ወጣ፣ ስንቱ ተሻረ!

የሰበር ውሳኔዎችም አሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመውበት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስር ያደረገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። ያን ጊዜ የሕጉ ዓለም ተለወጠ። ከዚያ በፊት ኮዱን፣ እንደ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያለውን ጥቅል ሕግ፣ የያዘ ሕጉን ይዟል ማለት ይቻል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በኮዱ ላይ ችሎቱ ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው ሕጉን አያውቅም። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ከ20 ቅጽ በላይ ደርሰዋል። ያው አዋጅ ችሎቱ ራሱ ሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም መስጠት እንደሚችልም ደንግጎ ነበር። ስለዚህ በቅጽ 5 ያገኘኸው ትርጉም በቅጽ 15 ተለውጦ ሊሆን ይችላል። አንድ ውሳኔ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ መቆየቱን የሚያሳይ ማውጫ አሜሪካኖቹ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እኛ ዘንድ ይህን በእጁ፣ በደብተሩ የያዘ ጠበቃ ካለ እንደ ሀብት ይጠብቀዋል፤ ለጓደኛውም አያውሰውም።

መመሪያዎች ለብቻቸው የሚያሙ ናቸው። የሰው ኑሮ በአብዛኛው የሚነካው በአዋጁ ሳይሆን በመመሪያው ነው። ንግድ ፈቃዱም፣ ግብሩም፣ ቀረጡም፣ የቤት ምሪቱም በመመሪያ ነው የሚሠራው። መመሪያ ግን ለብዙ ዘመን ከመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ የማይወጣ ወረቀት ነበር። ባለጉዳይ «በመመሪያው መሠረት አይቻልም» ይባላል፤ መመሪያውን ልየው ሲል «የውስጥ ነው» ይሉታል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለመለወጥ የወጣ ትልቅ ሕግ ነው። መመሪያ ተመዝግቦ ቁጥር እንዲሰጠውና በድረ ገጽ ይፋ እንዲሆን ያስገድዳል። በእኔ እምነት ለሕግ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በዘመናችን ከተከፈቱት በሮች ሁሉ ሰፊው ይህ ነው። የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት መመሪያ በርዕስ፣ በቁጥርና በጸናበት ቀን አደራጅቶ፣ የተሻረውን ከጸናው ለይቶ የሚይዝ ሰው እያንዳንዱ ሚኒስቴር ያስፈልገዋል። የሕግ ክፍል ኃላፊው በችሎትና በስብሰባ ተወጥሮ ይህን ሊሠራው አይችልም።

ክልሎቹና አዲስ አበባም የየራሳቸው ጋዜጣ አላቸው፤ የአማራ ክልሉ ዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያው መገለታ ኦሮሚያ ይባላል። የአንዱን ክልል የመሬት አዋጅ ሌላ ክልል ሆኖ መፈለግ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

እንግዲህ መሣሪያው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው ዛሬ ሕግ የሚያገኘው ከቴሌግራም ቻናል ነው። አዋጁ በጸደቀ ማግስት ፒዲኤፉ ይመጣል፤ ይህን አላቃልልም፤ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚሠራ ዳኛ ትልቅ እርዳታ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፋይሉ ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ይሁን ታትሞ የወጣው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ የፊት ገጹን አያለሁ። የጋዜጣው ዓመት፣ ቁጥሩና የታተመበት ቀን ከሌለ ያ ወረቀት ለእኔ ሕግ አይደለም። እንደ አቢሲኒያ ሎውና ችሎት ያሉት፣ በሕግ ባለሙያዎች ጥረት የተገነቡ ድረ ገጾች አዋጆችንና የሰበር ውሳኔዎችን በነጻ አቅርበው ብዙ ሰው አግዘዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት የሠራተኛ ሕጎች ቋትና የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የሕግ ቋትም የኢትዮጵያን ሕጎች ይዘዋል፤ ብዙ ተማሪ እነዚህን አያውቃቸውም።

ለምርምር ጽሑፍ የሚዛን የሕግ መጽሔትንና የሐረማያን የሕግ መጽሔት የመሳሰሉት የአፍሪካ መጽሔቶች በሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። የአዲስ አበባው የሕግ መጽሔት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዘመን በመደርደሪያው ያስቆጥራል። የቆዩ ቅጾቹ ውስጥ ኮዶቹ በወጡ ማግስት የተጻፉ ትንታኔዎች አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ለሚሠራ ሰው ሌላ ምስጢር ልንገር፦ ያንን 3,367 አንቀጽ ያለውን ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። የአማርኛው አንቀጽ ግር ሲል ወደ ፈረንሳይኛው መመለስ ብዙ ጊዜ ጭጋጉን ይገፈዋል። ጽሑፉ የት መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። የቆዩትን ጋዜጦችና መዛግብት ለሚፈልግ ደግሞ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ ሕግ አጥኚዎች ግን እምብዛም አንሄድበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ጎአሊ የሚባለው ነገር ነው። በሕክምናው በኩል ሂናሪን፣ የሕክምና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች የሚያቀርበውን ፕሮግራም፣ የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ሐኪም የለም ማለት ይቻላል። ጎአሊ የሂናሪ የሕግ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ሥራ ድርጅት መሪነት፣ የዬልና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ቤተ መጻሕፍት ተባብረውበት የተጀመረ ሲሆን፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ ከሚባለው ጥላ ሥር ካሉት አምስት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። በሌላው ዓለም በብዙ ዶላር የሚገዙ የሕግ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ያቀርባል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት ምድብ ውስጥ ናት። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው፦ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ታዲያ ቅጹን የሚሞላው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያስተዳድረው፣ ተማሪውን የሚያሠለጥነው ማን ነው? ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው በሌለበት ቤት የተከፈተ በር እንደተከፈተ ይቀራል። የማስተርስ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ከጎግል የመጀመሪያ ገጽ ባገኘው ብቻ ሲሠራ ሳይ ይህ በር ትዝ ይለኛል።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ጠበቆቹ በቻትጂፒቲ ያገኟቸውን ውሳኔዎች ጠቅሰው ተከራከሩ። ውሳኔዎቹ በዓለም ላይ አልነበሩም፤ ማሽኑ የፈጠራቸው ናቸው። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም በአማርኛ ሞከርኩት፤ ስለ ውርስ የሰበር ውሳኔ ስጠኝ አልኩት። ስድስት አኃዝ ያለው የመዝገብ ቁጥር ከነቅጹ ሰጠኝ። ቅጹን ከመደርደሪያ አውርጄ ማውጫውን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ቁጥሩ የለም። እኔ መደርደሪያው ከጎኔ ስለነበር አረጋገጥኩ። ቅጾቹ በሌሉበት ወረዳ የተቀመጠ ጠበቃ ምን ያደርጋል? ማሽኑ በረቀቀ ቁጥር የሚያመሳክረው ሰው ዋጋው ይጨምራል የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ሥራ ዕድሉ እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት የጥብቅና ፈቃድ የግለሰብ ብቻ ነበር። አሥር ጠበቃ ባለበት ቤት የእያንዳንዱ ፋይል፣ የእያንዳንዱ የሕግ አስተያየት በአንድ ቦታ ካልተደራጀ አንዱ የደከመበትን ሌላው እንደ አዲስ ይደክምበታል። በ2013 የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅና የውጭ ባንኮችን ያስገባው የ2017ቱ የባንክ ሥራ አዋጅም ሕግ ተከታታይ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ ባንክ የብሔራዊ ባንክን አዲስ መመሪያ ሳያውቅ አንድ ቀን ማደር አይችልም። በእነዚህ ቤቶች ማስታወቂያው «የሕግ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይፈለጋል» ብሎ አይወጣም። «የሕግ ተገዢነት ኦፊሰር» ወይም «የሰነድና መረጃ ባለሙያ» ይለዋል። ሥራው ግን ያው ነው፤ ስሙ ሳያደናግራችሁ ተወዳደሩ እላለሁ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ መሆኗም መዘንጋት የለበትም፤ ሁለቱም ቤተ መጻሕፍት አላቸው።

ከየት ተነሥቶ ነው ወደዚህ የሚገባው? በአገራችን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሕግ አንብቦ መረጃ አያያዝን ያልተማረ ነው፤ ሌላው ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተምሮ ደንብን ከመመሪያ የማይለይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀመር ለመላው አፍሪካ ታስቦ ነበር። ከሕግ ትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ኮርስ መክፈት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ሁለት ዲኖች ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ይበቃል።

ውጭ ላሉት ወገኖቻችንም ቃል አለኝ። በአሜሪካ ፍርድ ቤት የኢትዮጵያ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ ወይም ጉዲፈቻ የተነሣ እንደሆነ የአገራችን ሕግ ምን እንደሚል መረጋገጥ አለበት። የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 44.1 ዳኛው የውጭ አገር ሕግን ለመወሰን ማንኛውንም አግባብ ያለው ምንጭ እንዲያይ ይፈቅድለታል። እ.ኤ.አ. በ1832 የተቋቋመው የኮንግረስ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ነጋሪት ጋዜጣን ይሰበስባል፤ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል ከምሥራቅ አፍሪካ መጻሕፍትና ጋዜጦች ይገዛል። አማርኛ ማንበብ የሚችል፣ የእኛን ሕግ አወቃቀር የሚያውቅ ሰው እዚያ ትርፍ ነገር ይዞ ነው የሚቀርበው። መንገዱ ግን አጭር እንዳልሆነ በግልጽ ልናገር፦ አብዛኛው መደብ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት የተገኘ ማስተርስ ይጠይቃል፤ በሕግ ትምህርት ቤቶች ያለው የማጣቀሻ መደብ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ የሕግ ዲግሪም ይጨምራል። ከአገር ቤት የሕግ ዲግሪ ይዞ ሄዶ ሌላ ሥራ ላይ ላለ ሰው ማስተርሱ የአንዳንድ የውጭና ዓለም አቀፍ ሕግ ክፍሎችን በር ሊያስከፍት ይችላል።

እዚህ ላለነው ደግሞ የአሜሪካው ማኅበር የውጭና ዓለም አቀፍ ሕግ ክፍል በዓመታዊ ጉባኤው እንዲገኝ ለአንድ የውጭ አገር ባለሙያ የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ ዓለም አቀፉ ማኅበርም ለዓመታዊ ትምህርቱ ወጪ ይሸፍናል። የሚጠይቁት በሕግ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ያለ ሰው መሆንንና ማመልከቻ መጻፍን ነው። እኔ ስለ እነዚህ የሰማሁት ሥራ ከጀመርኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ ዓመት ባላባከንኩ ነበር። ስለዚህ ላልሰማ አሰማሁ።

ያቺ የስፌት ሠራተኛ ከሄደች በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። ነጭ ወረቀት በጣት ስፋት ቀድጄ «በ1156/2011 ተሽሯል» ብዬ ጻፍኩና የ377/1996 ፊት ገጽ ላይ በሙጫ ለጠፍኩት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጋዜጣ አወረድኩ። እስከ መዝጊያ ሰዓት ሁለት መደርደሪያ ጨረስኩ፤ የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው።